ከውጅግራ እስከ ሌበል፦ የጥይት ንድፍና የባሩድ ግፊት

በአማርኛ «ውጅግራ» የተባለው ጠመንጃ ስያሜውን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» ነው፤ ባዚል ግራ የጠመንጃውን ንድፍ ያወጣ የፈረንሳይ መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ይህ ጠመንጃ በአድዋ ጦርነት ዘመን በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ በብዛት ይገኝ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ሌበል የተባለውን ጠመንጃ ለጦሯ አስታጠቀች። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በሁለቱ መካከል የታየው ለውጥ ከባሩድ ግፊት የመነጨ መሆኑንና ግፊቱም የጥይትን ቅርጽ እንዴት እንደሚወስን ማስረዳት ነው።

ውጅግራ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጭስና ጥላሸት ስለሚለወጥ፣ አረሩን የሚገፋው ጋዝ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት የፈለሰፈው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጋዝ ይለወጣል።

የልዩነቱን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። የውጅግራ አረር ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም ሲሆን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም 2,500 ጁል ያህል ነው። የመጀመሪያው የሌበል አረር 8 ሚሊ ሜትርና 15 ግራም ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 630 ሜትር፣ ጉልበቱ ወደ 3,000 ጁል ይጠጋል። ጉልበቱን ለአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋትና 80 ሴንቲ ሜትር ለሚያህለው የበርሜል ርዝመት ብናካፍል፣ አማካዩ ግፊት ለውጅግራ 330 ባር፣ ለሌበል 740 ባር ገደማ ይሆናል። ከፍተኛው ግፊት ግን አረሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደተጓዘ ስለሚከሰት ከአማካዩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህን ግፊት በቅድሚያ የሚቀበለው ቀለሃው ነው። ቀለሃው የባሩድ ማኖሪያ ብቻ ሳይሆን የጋዝ መክደኛም ነው፤ ባሩዱ ሲነድ ተለጥጦ ከማጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ጋዙም ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲበርድ በጥቂቱ ተሰብስቦ ይላቀቃል። ከናስ የሚሠራውም ይህ የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ ስላለው ነው። የሌበል ቀለሃ ታችኛው ክፍል ከውጅግራው የተወረሰ፣ አንገቱ ግን ለጠባቡ አረር ሲባል በደረጃ የጠበበ በመሆኑ መልኩ ሾጣጣ ሆኗል። አረሩም እርሳስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ተለበጠ፤ ባዶ እርሳስ አዲሱን ፍጥነት ሊቋቋም አይችልምና።

ጭስ አልባ ባሩድ ሌላም ጠባይ አለው፤ ግፊት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥርም ግፊቱን ይጨምራል። ስለዚህ አረሩን ጥቂት የሚያዘገይ ነገር ከፍ ያለ ውጤት ያስከትላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጀርመን ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው ጥይት አረር 8.08 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተተካው 8.22 ሚሊ ሜትር ነው። የቀለሃዎቹ መጠን እጅግ ስለሚቀራረብ አዲሱ ጥይት አሮጌው ማጉረሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሰፊው አረር ግን በጠባቡ በርሜል ሲጨመቅ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይንራል።

በአውሮፓ የጥይት መመዘኛ ለአዲሱ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3,900 ባር ነው። የቀለሃው ውስጥ በግምት 10 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ብንል፣ ይህ ግፊት መቀርቀሪያውን ወደ ተኳሹ ፊት የሚገፋው በ3 ቶን ክብደት ኃይል ነው። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ አሮጌ ብረት ይህን ላይሸከም ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ጥይት ማጉረሻው ውስጥ መግባቱ ለጠመንጃው መስማማቱን አያረጋግጥም። በቤተሰብ ቅርስነት ለቆየ ጠመንጃም ሆነ በሙዚየም ለተቀመጠ፣ ወሳኙ መለኪያ ብረቱ የተሠራለት የግፊት መጠን ነው።