በባዕድ አገር የተማረ ሐኪም ስለሚጠብቀው ፈተና



በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ ዘመዱ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ልጃችን ስድስትና ሰባት ዓመት በባዕድ አገር ሕክምና ተምሮ፣ ዲግሪውን ይዞ ከመጣ በኋላ እንደ ገና ፈተና የሚቀመጠው ስለ ምንድን ነው? ትምህርቱ ተንቆ ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅሬታ የሚነሣ ቢሆንም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የፈተናውን ምክንያትና ለፈተናው የሚደረገውን ዝግጅት ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩን ከአገራችን ታሪክ እንጀምረው። ከላስታ ተራሮች ወደ ደቡብ ሲጓዙ፣ ዋድላን አልፈው ጥልቁን ሸለቆ ወርደው ሲወጡ፣ ሰፊው የደላንታ ደጋ ይገኛል። ዛሬ የደላንታ ዋና ከተማ ወገል ጤና ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ታላቅ መድፋቸውን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ ደጋ ላይ መንገድ እያስጠረጉ ነበር። የእንግሊዝ ጦርም የተከተላቸው በዚሁ አገር አልፎ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ከጦሩ መኰንኖች አንዱ ሕፃኑን ይዞ ወደ ሕንድ ወሰደው። ይህ ሕፃን ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት፣ በባዕድ ስማቸውም ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይባሉ የነበሩት፣ በዘመናዊ ሕክምና ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሐኪም ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1882 በላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ በሕንድም በሕክምና ሥራ አገለገሉ። ነገር ግን በዚህ አልተወሰኑም። ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው፣ እንደ ገና ተማሪ ሆነው ለፈተና ቀረቡ፤ በሕክምናና በቀዶ ጥገናም የዚያን አገር ማረጋገጫ ተቀበሉ። ሥራ የያዘ፣ በሽተኛ ያዳነ ሰው ተመልሶ በተማሪ ወንበር ላይ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የዛሬው ወጣት ሐኪም እንደ ውርደት የሚቈጥረውን ነገር የሙያው ቀዳሚ ራሳቸው ፈጽመውታል።

በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ስለ ሐኪሞች የወጣው ሕግ የነገሩን መሠረት ያሳየናል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1858 የወጣው ሕግ የሐኪሞች ሸንጎና መዝገብ አቆመ። የመዝገቡ ዋና ምክንያት፣ ሕመምተኛው ሕዝብ የተማረውን ሐኪም ካልተማረው ለይቶ እንዲያውቅ ነበር። በ1886 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ በመዝገቡ የሚገባ ሁሉ በሕክምና፣ በቀዶ ጥገናና በአዋላጅነት፣ በሦስቱም እንዲፈተን አስገደደ። ከዚያ በፊት በአንዱ ብቻ ተፈትኖ በሦስቱም የሚሠራ ሐኪም ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ዲግሪና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ እንበል። ዲግሪ ተማሪው ትምህርቱን ስለ መፈጸሙ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ፈቃድ ግን አንድ አገር፣ «ይህ ሰው የሕዝቤን ሥጋ ቢነካ አይጎዳም» ብሎ የሚሰጠው ዋስትና ነው። ትምህርት ቤት ስለ ተማሪው ይመሰክራል፤ መንግሥት ግን ስለ ሕመምተኛው ይጠየቃል።

በአገራችን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ እስኪከፈት ድረስ፣ ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ በውጭ አገር መማር ነበረበት። ከዚያም በኋላ ብዙዎች በሶቪየት ኅብረት፣ በኩባና በሌሎችም አገሮች ተምረው ተመልሰዋል። ዛሬ በውጭ አገር የተማረ ሐኪም ሲመለስ ሁለት በሮች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው የማስረጃው ጉዳይ ነው፤ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተመርምሮ የአቻ ግምት ይሰጠዋል። ሁለተኛው የብቃት ምዘና ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ስለሚሰጥ፣ በጎንደርም በጅማም የተማረው፣ ባሕር ተሻግሮም የተማረው በአንድ ሚዛን ይመዘናል። ስለዚህ ፈተናው የውጭውን ትምህርት ለመናቅ የቆመ አይደለም።

ይሁን እንጂ በውጭ የተማረው ሐኪም ከሌላው ይልቅ የሚቸገርበት ምክንያት አለ። የሰው አካል በየትም አገር አንድ ነው፤ በሽታው ግን እንደ አየሩ፣ እንደ ኑሮውና እንደ ድህነቱ ይለያያል። ወደ ወገል ጤና ተመድቦ የሚሄድ አንድ ወጣት ሐኪም እናስብ። ከደጋው ወርዶ በበሸሎ ቆላ ሲሠራ ሰንብቶ ትኩሳት ይዞት የመጣ ገበሬ ይጠብቀዋል፤ ይህን ሰው ወባ ይዞት ይሆናል። በብርድ ምክንያት ልብሱን ሳይቀይር የከረመና ቅማል የፈላበት ሌላ ሰው ደግሞ ተስቦ ወይም ግርሻ ይዞት ይሆናል። በልጅነቷ የጉሮሮ ቁስል ሳይታከምላት ቀርቶ የልብ በር የተበላሸባት ልጃገረድ ትመጣለች። ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር እየረገጠ እግሩ ያበጠበት አባት ይመጣል። ከገደሉ ውስጥ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ሲቈፍር አፈር የተናደበት ወይም የወደቀ ጎልማሳም በቃሬዛ ይመጣል። በሰሜን አገሮች ሆስፒታል የተማረ ሐኪም ከእነዚህ አንዳንዶቹን በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ቋንቋውም ሌላ ትምህርት ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም በሽተኛው የሚናገረው በአማርኛ ነው። «ልቤን ቈረጠኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመው ልቡ ሳይሆን የጨጓራው ስፍራ ነው። «ምች መታኝ» የሚል ሰው ስለ ትኩሳቱ ወይም በከንፈሩ ላይ ስለ ወጣው ቁስል ይናገር ይሆናል። ይህን ቃል በቃል ተርጕሞ የሚጽፍ ሐኪም ለጨጓራ ሕመምተኛ የልብ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

አሁን የፈተናው ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። ጥሩ የፈቃድ ፈተና የበሽታ ስም ብቻ አያስቈጥርም። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «አንዲት እናት ከተገላገለች በኋላ ደሟ አልቆም አለ፤ ማሕፀኗም ሲዳሰስ ልል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» ከዚያም አራት መልሶች ይቀርባሉ፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ፣ ደም መስጠት፣ ለቀዶ ጥገና መዘጋጀት፣ ወይም ረዳት ጠርቶ ማሕፀኑን በእጅ እያሹ ኦክሲቶሲን የተባለውን መድኃኒት መስጠት። አራቱም በየጊዜያቸው ትክክል ናቸው፤ የሚቀድመው ግን የመጨረሻው ነው። በትልቅ ከተማ ልዩ ሐኪም በስልክ መጥራት የለመደ ተማሪ «መላክ» የሚለውን ሊመርጥ ይችላል። በወገል ጤና ግን እስከ ደሴ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ እናቲቱም በመንገድ ላይ ደሟ ያልቃል። በወረቀት ላይ አንድ ነጥብ የሆነው ስሕተት በዚያ የአንዲት እናት ሕይወት ነው።

ታዲያ ዝግጅቱ እንዴት ይሁን? በመጀመሪያ ተፈታኙ ማስረጃዎቹን ሁሉ ከተማረበት አገር ሳይወጣ አሟልቶ ይያዝ፤ የተማራቸውን ትምህርቶች ዝርዝርና በሆስፒታል የተለማመደበትን ጊዜ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከሩቅ ሆኖ ማስመጣት ወራት ይፈጃልና። ሁለተኛ፣ ከማንበቡ በፊት ፈተናው የሚያተኩርባቸውን ክፍሎች ይወቅ፤ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ጥገና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ የማሕፀንና የወሊድ ሕክምና እንዲሁም የሕዝብ ጤና አጠባበቅ መሠረቶቹ ናቸው። ሦስተኛ፣ የጤና ሚኒስቴር ያወጣቸውን የሕክምና መመሪያዎች ያጥና፤ በውጭ አገር መጽሐፍ የተመለከተው የመጀመሪያ መድኃኒት በአገራችን ጤና ጣቢያ ካለው ሊለይ ይችላል።

አራተኛው ነገር የአጠናን ስልት ነው። አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን መጽሐፉን ዘግቶ ራስን በጥያቄ መፈተን ይበልጥ እንደሚያጸና ስለ ትምህርት የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ተፈታኙ በየቀኑ ጥያቄ ይሥራ፤ የሳተውንም ጥያቄ ከነምክንያቱ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩንም ከሳምንት በኋላ፣ ከወርም በኋላ መልሶ ይይ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰዓት ይዞ ሙሉ ፈተና እንደሚወስድ ሆኖ ይለማመድ። ከሁሉም በላይ ግን፣ በሚፈቀድለት ሆስፒታል ከነባር ሐኪሞችና ነርሶች ጋር እየዞረ በሽተኞችን ይመልከት። አንዲት ልምድ ያላት አዋላጅ ነርስ በአንድ ሌሊት የምታሳየው በሳምንት ንባብ አይገኝም።

ይህ ዕዳ ወደ አገራቸው በሚመለሱት ላይ ብቻ የተጣለ እንዳይመስለን። በአገራችን ተምረው ወደ ውጭ የሚሄዱትም ይፈተናሉ። በአሜሪካ በ1956 በኤውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. የተባለው ድርጅት በሌላ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ ይመረምራል። ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. የተባለው ፈተና በሦስት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ቀን ውስጥ በስምንት ሰዓት እስከ 280 ጥያቄ ያቀርባል። ከ2022 ጀምሮ ውጤቱ በነጥብ መነገሩ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆኗል፤ አንዱንም ደረጃ ከአራት ጊዜ በላይ መሞከር አይፈቀድም። በእንግሊዝ አገር ፕላብ የተባለው ፈተና ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው በሦስት ሰዓት 180 ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው በማንቸስተር ከተማ በሽተኛ መስለው በሚቀርቡ ሰዎች ፊት ይሰጣል። በዚያ የሚመዘነው ሐኪሙ ምን እንደሚያውቅ ብቻ ሳይሆን፣ እንዴት እንደሚያዳምጥና ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚያረዳ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የተሰረቀ ጥያቄ እንሸጣለን የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። በ2024 በኤውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካው ፈተና አዘጋጆች፣ ከኔፓል ጋር ግንኙነት ያላቸው ብዙ ተፈታኞች ጥያቄውን አስቀድመው አግኝተዋል በሚል ጥርጣሬ ውጤታቸውን ሰርዘዋል። በአቋራጭ የተገኘ ወረቀት ለጊዜው ቢያሳልፍ እንኳ፣ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ባለቤቱን ያጋልጠዋል።

በመጨረሻ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ከመንግሥት ሠራተኞች አንዱ፣ ከውጭ የተመለሰች የወንድሙ ልጅ በመጀመሪያው ጊዜ ፈተናውን ሳታልፍ ብትቀር፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር?» ሊላት ይቃጣው ይሆናል። እርስዋም፣ «ጋሼ፣ የሰውን አካል ተምሬአለሁ፤ የአገሬን ሕመምተኛ ግን ገና እየተማርኩ ነው» ብላ ብትመልስለት እውነት አላት። እንዲህ ያለች ልጅ የሚያስፈልጋት ነቀፋ ሳይሆን የምታጠናበት ጸጥ ያለ ክፍልና ጥቂት ወራት ነው። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንሠራውም ድርሻ አለን። በማናቸውም ጠረጴዛ ላይ ያለ ምክንያት አንድ ወር የሰነበተ የሐኪም ማስረጃ፣ በአንድ የገጠር ከተማ ሐኪም የታጣበት አንድ ወር መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። መቸኰል ግን ምርመራውን መዝለል አይደለም፤ የሚገባውን መርምሮ በጊዜው መፈጸም ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በስኮትላንድ ከተፈተኑ በኋላ በበርማ አገልግለዋል፤ ከዓድዋ ድል በኋላም ወደ አገራቸው መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀርበዋል። አያታቸውም በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለይተው እንዳወቋቸው ይነገራል። ያኔ አማርኛን እንደ አዲስ መማር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ሁለት አገር የመሰከረላቸው ሐኪም የገዛ ሕዝባቸውን ለማከም እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ዛሬም ከባሕር ማዶ የሚመለስ ወጣት ሐኪም በፈተናው ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ በደላንታ ደጋ በቃሬዛ ወደ እርሱ የሚመጣውን ሰው ቢያስብ፣ ስለ ምን እንደሚፈተን ሌላ አስረጂ አያሻውም።