ልብ ሲቆም ከራስጌ የሚቆሙት

በአዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ከሚገኘው የደም ባንክ የሚወጡት የደም ከረጢቶች መድረሻቸው ብዙ ነው። አንዱ እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ደም ለሚፈስሳት ወላድ ይሄዳል። ሌላው ወደ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይወሰዳል። ሌላው ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልቡ ክፍተት ሊደፈንለት ወረፋ ለደረሰው ሕፃን ይደርሳል። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ይባላል፤ ከደሙ ጋር ሰዎች ከሕልፈታቸው በኋላ እንዲወሰድ የሚናዘዙትን የዓይን ብሌን የማሰባሰብ ሥራም ይዟል።

ያ ከረጢት ኦፕሬሽን ክፍል ሲገባ ቁጥሩን ከታካሚው ካርድ ጋር አመሳክሮ የሚረከበው፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደሚሰጥ የሚወስነው ከታካሚው ራስጌ የቆመው የአንስቴዥያ (የሰመመን) ባለሙያ ነው። ስለ ልብ ቀዶ ሕክምናና ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ብዙ ተወርቷል። ገንዘብ ተዋጥቷል፣ ሕንፃ ተመርቋል፣ ቀዶ ሐኪሞች ተመስግነዋል፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። ከራስጌ ስለሚቆሙት የተነገረው ግን ጥቂት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የልብ ሕሙማን ሕፃናትና ወጣቶች ለዓመታት የሚጠብቁት ወረፋ እንዲያጥር ከተፈለገ ውይይቱ ከእነርሱ መጀመር አለበት።

በእንግዳ ቡድን የተጀመረ ሥራ

የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመሠርቱ፣ ለአብዛኞቹ ሕፃናት ያለው ተስፋ ወደ ውጭ መላክ ነበር። መላክ ደግሞ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ዕድል ነው። በእስራኤል ሆሎን ከተማ በወልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር መነሻ የሆነው ለሁለት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የቀረበ የርዳታ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት እዚያ ታክመው ተመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሲከፈት መንገዱ ተቀየረ፤ ሕፃኑ በሚሄድበት ፈንታ ሐኪሙ ይመጣ ጀመር። በእንግሊዝ አገር ሰር ማግዲ ያዕቆብ የመሠረቱት ቼይን ኦፍ ሆፕ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ቀዶ ሐኪም ብቻ ይዞ አይመጣም። የአንስቴዥያ ሐኪም፣ ልብና ሳንባን ተክቶ የሚሠራውን ማሽን የሚያንቀሳቅስ ፐርፊዩዥኒስት፣ የፅኑ ሕሙማን ነርሶች፣ አንዳንዴም መድኃኒቱንና ቱቦውን ሳይቀር ጭኖ ይመጣል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከዚያ ይሄዳል።

የዳነው ሕፃን ድኗል፤ ለዚህ ማንም ሊያቃልለው የማይገባ ውለታ አለ። ሆኖም ቡድኑ በሄደ ማግስት ማዕከሉ የሚቀረው ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር ነው። ቀዶ ሐኪም ኖሮ ፐርፊዩዥኒስት ከታመመ ሥራ ይቆማል። ሁለቱም ኖረው ሌሊቱን የሚያድር የሠለጠነ ነርስ ከሌለ ጧት ደረት መክፈት አይቻልም። ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች በውጭና በአገር ውስጥ ሠልጥነው ራሳቸውን ችለው መሥራት ከጀመሩ ወዲህም ይህ ሰንሰለት በየቦታው እየሳሳ ያስቸግራል።

ልብን አቁሞ መልሶ ማስነሳት

የልብ ሰመመን ለምን የተለየ ሥልጠና እንደሚጠይቅ ለመረዳት አንድ ኦፕሬሽን መከተል ይበቃል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1953 ልብና ሳንባን በሚተካ ማሽን ታግዞ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ፣ ልብን አቁሞ መጠገን የሚቻል ሆኗል። የሚቆመው ግን በብዙ ጥንቃቄ ነው።

ታካሚው ከማንቀላፋቱ በፊት ወይም እንዳንቀላፋ፣ ባለሙያው በእጁ አንጓ ባለው ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ የደም ግፊቱን በእያንዳንዱ ምት የሚያነበው በእርሱ ነው። በአንገቱ ትልቅ ደም መልስ ውስጥ ሌላ ቱቦ ይገባል፤ ልብን የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች በዚያ ይፈስሳሉ። ደሙ ወደ ማሽኑ ከመዞሩ በፊት ሄፓሪን ይሰጣል፤ ያለዚያ ደሙ ማሽኑ ውስጥ ይረጋል። ደሙ እንደማይረጋ በምርመራ ሳይረጋገጥ፣ ብዙውን ጊዜም የመርጊያው ጊዜ ከ400 ሰከንድ ሳያልፍ፣ ማሽኑ አይነሳም። ቀጥሎ ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ ልብን ያቆማል። ቀዶ ሐኪሙ ቫልቩን ሲቀይር ወይም ክፍተቱን ሲሰፋ፣ አንጎልና ኩላሊት በቂ ደም ማግኘታቸውን የሚከታተሉት የአንስቴዥያ ባለሙያውና ፐርፊዩዥኒስቱ ናቸው።

ከባዱ ሰዓት ከማሽኑ መላቀቂያው ነው። ልቡ መልሶ መምታት ሲጀምር ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ምቱ ይዛባል፣ ግፊቱ ይዋዥቃል። አድሬናሊን ይጨመር ወይስ ሚልሪኖን? ፈሳሽ ነው የጎደለው ወይስ ጉልበት? ውሳኔው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈለጋል። የሄፓሪኑን ኃይል የሚያረክሰው ፕሮታሚን እንኳ ቸኩለው ከሰጡት የደም ግፊትን ሊጥል ስለሚችል ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ለዚህ የሚያበቃው እውቀት በአንድ ሳምንት ኮርስ አይገኝም፤ አዋቂ አጠገብ ቆሞ በተደጋጋሚ በመሥራት እንጂ።

ጋንዲ የምትመጣው እናት

የልብ ሰመመን የልብ ማዕከሉ ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ዕለት ዕለት የሚፈተነው ግን እንደ ጋንዲ ባሉ የወሊድ ሆስፒታሎችም ነው።

ወላጆቻችን «ቶንሲል» የሚሉት የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱ ሲመላለስ የልብ ቫልቮችን ያበላሻል። ብዙ ጊዜ የሚጠቃው በግራ በኩል ያለው ሚትራል ቫልቭ ነው፤ ጠባሳው እያጠበበው ይሄዳል። ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ ትንሽ ከመድከሟ በቀር ደህና ሆና ታድጋለች፣ ታገባለች፣ ታረግዛለች። እርግዝና የደም መጠንንና የልብ ምትን ይጨምራል። ብዙ ሴቶች ልባቸው መታመሙን የሚያውቁት ያኔ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲመጡ ነው።

እንዲህ ያለች እናት በኦፕሬሽን እንድትወልድ ሲወሰን ባለሙያው ጠባብ መንገድ ላይ ይቆማል። የጠበበው ቫልቭ ደም ለማሳለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የልብ ምቷ መፍጠን የለበትም። በወገብ የሚሰጠው መርፌ ግፊቷን በድንገት ከጣለው ልቧ ያንን የማካካስ አቅም የለውም። ግፊት ለማንሳት የሚለመደው ኤፌድሪን ምቱን ያፈጥናል። ለማደንዘዝ የሚሰጠው ኬታሚንም እንዲሁ። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ ማሕፀኗ ሲኮማተር ብዙ ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልቧ ይመለሳል፤ ሳንባዋ ውኃ የሚቋጥረው በዚያን ሰዓት ሊሆን ይችላል። ማሕፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ሳይቀር በቀስታ ካልተሰጠ ይጎዳታል።

ኬታሚን በአገራችን የገጠር ሆስፒታሎችን ደግፎ ያቆመ መድኃኒት ነው። ከልደቱ ጀምሮ ፋሎት በሚባለው የልብ ጉድለት ከንፈሩ ለሚጠቁር ሕፃን፣ የደም ሥር ውጥረትን ስለሚጠብቅ ከተመራጮቹ አንዱ ነው። ቫልቯ ለጠበበው እናት ግን አስጊ ነው። ሁለቱን ልቦች ለይቶ የሚያሳየው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። እናቲቱ ቀድማ ኢኮ ከታየች ባለሙያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ ካልታየች በግምት ይሠራል። እንዲህ ያለ ግምት ሕይወት ያስከፍላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ መሆኗም ሥራውን ያከብደዋል። እዚህ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። የሳንባ ደም ሥሮች ኦክስጅን ሲያንስባቸው ይጠባሉ፤ ቫልቯ በጠበበ እናትም ሆነ የልብ ክፍተት ባለበት ሕፃን ላይ አስቀድሞ ከፍ ያለውን የሳንባ ግፊት ያባብሱታል። ከለንደን ወይም ከቦስተን የመጣ መጽሐፍ ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል። የአዲስ አበባ ባለሙያ ግን በየዕለቱ አብሮት ይሠራል፤ ልምዱን በጽሑፍ አደራጅቶ ለተተኪው ማስተማርም ይጠበቅበታል።

ሁለት ክፍል፣ አንድ ኩላሊት

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። አጋርነቱን ካመቻቹት መካከል ኢትዮጵያዊቷ ሐኪም ዶክተር ሰናይት ፍስሐ ይገኙበታል። ኩላሊቱ የሚመጣው ከሟች ሳይሆን በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል ነው፤ ስለዚህ ሁለት ኦፕሬሽን ክፍሎች፣ ሁለት የአንስቴዥያ ቡድኖች ያስፈልጋሉ።

በአንደኛው ክፍል የተኛው ሰው ጤነኛ ነው። ለራሱ አካል ምንም የማያተርፍበትን ኦፕሬሽን ለወንድሙ ወይም ለእናቱ ሲል ፈቅዷል። የእርሱ ደኅንነት ቅንጣት መጓደል የለበትም፤ አንድ ለጋሽ በሰመመን ምክንያት ቢጎዳ አገሩ በሙሉ መለገስን ይፈራል። በሁለተኛው ክፍል ያለው ደግሞ ለወራት ወይም ለዓመታት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ሲመላለስ የኖረ ነው። ደም ማነስ አለበት፤ የደም ግፊት ልቡን አወፍሮታል። ፖታሲየሙ ከፍ ካለ፣ ጡንቻ ለማላላት በተለምዶ የሚሰጠው ሳክሲኒልኮሊን የበለጠ ከፍ አድርጎት ልቡን ሊያቆም ይችላል። በኩላሊት የሚወገዱ መድኃኒቶች ሰውነቱ ውስጥ ይቆዩበታል፤ በደም ውስጥ በራሱ የሚፈርሰው አትራኩሪየም የሚመረጠው ለዚህ ነው። አዲሱ ኩላሊት ተገጥሞ መቆንጠጫው ሲለቀቅ ደግሞ ግፊቱ በቂ መሆን አለበት፤ ግፊት ያነሰው ኩላሊት ሽንት ሳያወጣ ይቀራል፣ ቤተሰቡ የከፈለው መሥዋዕትነትም ይጓደላል።

ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ ካደረጉበት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1967 ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በኢትዮጵያ የልብ ንቅለ ተከላ ገና አልተጀመረም። ከሟች የሚገኝ አካልን ለመትከል ሕግና የሕዝብ ስምምነት ያስፈልጋል። ከዚያም ባሻገር የአንጎልን ሞት በጥንቃቄ የሚያረጋግጥ፣ የለጋሹንም አካል ጠብቆ የሚያቆይ ጠንካራ የፅኑ ሕሙማን ክፍል የግድ ነው። የእነዚህ ክፍሎች የጀርባ አጥንት በብዙ አገሮች የአንስቴዥያ ሐኪም ነው።

ወረፋው የታሰረበት

የዓለም የአንስቴዥያ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የአንስቴዥያ ስፔሻሊስት ሐኪሞች እንዲኖሩ ይመክራል። ኢትዮጵያ ከዚህ እጅግ ሩቅ ናት። የአብዛኛውን ሆስፒታል ሸክም የተሸከሙት በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ የተመረቁት የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው። ጤና ሚኒስቴር በቀዶ ሕክምና ደኅንነት ላይ ያተኮረ ብሔራዊ ፕሮግራም ጀምሮ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ሊያደርሳቸው ሞክሯል። ሰልጣኝ ማብዛት አንድ ነገር ነው፤ ልምድ ያለውን ማቆየት ሌላ ነገር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን አደባባይ ሲያወጡ የተሰማው ምሬት ይህንን ያሳያል። የልብ ሰመመን የተማረ ሰው የሚፈለገው እዚህ ብቻ አይደለም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በአውሮፓም ይፈለጋል።

ሌላው ቋጠሮ ከሆስፒታል ውጭ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት የተጨናነቀ ቤት በሽታ ነው። በሽታው የያዘው ልጅ ቫልቩ እንዳይባስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለበት፤ ለዓመታት፣ ሳይቋረጥ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ተዛውሯል። አዲሱ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል። የመርፌ ቀጠሮው በካዛንቺስ ጤና ጣቢያ የነበረው ልጅ ካርድ ግን አብሮት መሄድ ነበረበት። በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ የክትትል ሕሙማን ዝርዝር እንደ ውኃና መብራት ሊታሰብ ይገባዋል፤ የተቋረጠ መርፌ ከዓመታት በኋላ በልብ ማዕከሉ ወረፋ ላይ አንድ ስም ይጨምራልና።

የሚጠየቀው

ለልብና ለንቅለ ተከላ የሚደረግ ማንኛውም የውጭ ስምምነት ስንት ታካሚ እንደሚታከም ብቻ መጻፉ ይብቃ። ስንት የአንስቴዥያ ባለሙያ፣ ስንት ፐርፊዩዥኒስት፣ ስንት የፅኑ ሕሙማን ነርስ ከእንግዳው ቡድን አጠገብ ቆሞ እንደሚማር፣ በመጨረሻም ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ይጻፍ። እንደ ጋንዲና ዘውዲቱ ባሉ ሆስፒታሎች ትንፋሽ የሚያጥራት ነፍሰ ጡር ሁሉ ኢኮ እንድትታይ፣ ውጤቱም ምጥ ከመምጣቱ በፊት የአንስቴዥያ ክፍሉ እጅ እንዲገባ ይደረግ። ሄፓሪን፣ ፕሮታሚንና አትራኩሪየም የሚያልቁበት ቀን አስቀድሞ የሚታወቅበት አሠራር ይዘርጋ። ለባለሙያውም ለተጨማሪ ሥልጠናው የሚመጥን ደመወዝና የሥራ ደረጃ ይሰጠው።

ዜጋው ለልብ ሕሙማን ያዋጣል፤ በስታዲየሙ ደም ባንክም ክንዱን ይዘረጋል። የሰጠው ገንዘብና ደም ለታካሚው በደኅና እንዲደርስ የሚያደርገውን ባለሙያ አገሪቱ ማፍራቷንና ማቆየቷን የመጠየቅ መብት አለው። በየዓመቱ ማዕከላቱ ሪፖርት ሲያወጡ ከታካሚው ቁጥር ጎን የሠለጠኑትና ከሠለጠኑ በኋላ ሥራ ላይ የቆዩት ባለሙያዎች ቁጥር አብሮ ይውጣ። ወረፋው በርግጥ እያጠረ መሆኑን የምናውቀው በዚያ ቁጥር ነው።