ወፍራሙ ድምፅ የት ይቀራል?

በዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሚከበረው የሻደይ በዓል ልጃገረዶች የሚጫወቱበት ከበሮም ሆነ በማሕሌት ጊዜ በካህናት የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ከሩቅ ሲሰማ አስቀድሞ ለጆሮ የሚደርሰው በወፍራሙ ምቱ ነው። ይህ ጨዋታና ዝማሬ ተቀርጾ በሰቆጣ ወይም በኒሯቅ በሚገኝ መኖሪያ ቤት በሆም ቴአትር ሲከፈት ግን ዘፈኑና ጭብጨባው ጎልተው እየተሰሙ ምቱ ከስር የሚሳሳበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ወለል ላይ በተቀመጠው ትልቅ ሣጥን፣ ማለትም በሳብዉፈሩ ላይ ያሳብባል። ሣጥኑ በእርግጥ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መመርመር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሣጥኑ ከመድረሱ በፊትም ሆነ ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ከሣጥኑ ውስጥ ካሉት ይበዛሉ።

የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት የሚለካው አየሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በሚቆጥር መለኪያ ሲሆን፣ መለኪያውም ሄርዝ ይባላል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ሲሰማ፣ የሳብዉፈር ድርሻ በአብዛኛው ከ120 ሄርዝ በታች ያለው ነው። ይህ ክፍል ከባድ ሥራ የሚጠይቀው፣ የአንድ ድምፅ ሄርዝ በግማሽ ሲወርድ ጉልበቱ እንዳለ እንዲቆይ የስፒከሩ ወረቀት አራት እጥፍ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ስላለበት ነው። የከበሮ ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ የሚሰጡበት ልዩነት እዚህም ይታያል፤ ትንንሾቹ ስፒከሮች ቢፈልጉም የማይችሉትን ሰፊው ወረቀት ይሸከማል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ወፍራሙ ድምፅ ከመነሻው አለ ወይ የሚለው ነው። በሆም ቴአትር ዕቃዎች ላይ የሚታየው 5.1 የሚለው ቁጥር አምስት ሙሉ የድምፅ መስመሮችንና ከ120 ሄርዝ በታች ላለው ድምፅ ብቻ የተለየ አንድ መስመር መኖሩን ያመለክታል፤ ዶልቢ ዲጂታል የተባለው ይህን የሚሸከም አሠራር በ1992 እ.ኤ.አ. ባትማን ሪተርንስ በተባለው ፊልም ለሲኒማ ቤት ቀርቧል። ማጫወቻው ወይም ቴሌቪዥኑ እንዲህ ያለ ፊልም ወደ ሁለት መስመር አጣጥፎ በቀይና በነጭ ገመድ ሲያወጣው ግን ያ የተለየ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ይጣላል። በዲሽ ሪሲቨር የሚገቡት የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም በአብዛኛው ድምፃቸው ባለሁለት መስመር በመሆኑ ለሳብዉፈር ተብሎ የተለየ ነገር አይልኩም፤ እነርሱ ሲከፈቱ ሳብዉፈሩ የሚሠራው አምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ፣ ከሁለቱ መስመሮች ወፍራሙን ክፍል ለይቶ ከላከለት ብቻ ነው።

ይህ የመለየት ሥራ ክሮስኦቨር ይባላል፤ ከተወሰነ ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ወደ ሌሎቹ የሚመራ ማከፋፈያ ነው። አምፕሊፋየሩ የፊት ስፒከሮቹን ትልልቅ እንደሆኑ ተነግሮት ከሆነ የመስመሮቻቸውን ወፍራም ድምፅ ሁሉ ለእነርሱ ይሰጥና ሳብዉፈሩን በአብዛኛው ሥራ ያስፈታዋል፤ ስለዚህ ስፒከሮቹን በሜኑው ላይ ትንሽ ብሎ መመዝገብና መለያውን 80 ሄርዝ አካባቢ ማድረግ ገንዘብ የማያስወጣ፣ ከሁሉም ቀድሞ ሊሞከር የሚገባው መፍትሔ ነው። ከዚህ በኋላ በሳብዉፈሩ ጀርባ ያለው የክሮስኦቨር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍ መደረግ አለበት፤ አለዚያ አምፕሊፋየሩ የለየውን ሣጥኑ እንደገና ይቆርጠዋል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ተብሎ የሚከፈተው የሌሊት ድምፅ ማለዘቢያም ከቀን ወደ ቀን ተረስቶ ክፍት ሊቆይ ስለሚችል መታየት አለበት።

ማስተካከያው ሁሉ ትክክል ሆኖ ድምፁ አሁንም ከሳሳ ቀጥሎ የሚመረመረው ቤቱ ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም ይህንኑ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 43 ሄርዝ ያለው ድምፅ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ይረዝማል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ይህ ሞገድ በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ተመላልሶ በራሱ ላይ ይደራረብና ግድግዳው ሥር እጅግ ይጎላል፤ ከክፍሉ መሐል ላይ ግን ሊጠፋ ይደርሳል። ሶፋው መሐል ላይ ከሆነ የተቀመጠው ሰው ምንም ሳይሰማ ከበር ላይ የቆመው ሰው ከበሮውን በደረቱ ይሰማዋል። በዋግ ደጋ እንዳሉት በድንጋይ የተሠሩ ወፍራም ግድግዳዎች ወፍራም ድምፅን ስለማይመጥጡት መልሰው ይልኩታል፣ መደራረቡም ይበረታል፤ የጭቃ ግድግዳና ስስ ኮርኒስ በአንጻሩ አብረው እየተርገበገቡ ከድምፁ ይወስዳሉ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ብዙውን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ የቀረውንም በመንቀጥቀጥ ያበላሸዋል።

ለዚህ የሚሆነው ዘዴ ቀላልና አስተማማኝ ነው። ሳብዉፈሩ ተነሥቶ አድማጩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይደረጋል፤ የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ያለው ሙዚቃ ይከፈትና አንድ ሰው ወደ ወለሉ ጎንበስ ብሎ በግድግዳዎቹ ሥር እየተዘዋወረ ያዳምጣል፤ ድምፁ ሙሉ ሆኖ፣ ሳያጓራና ሳይሳሳ የተሰማበት ቦታ ሣጥኑ የሚቀመጥበት ይሆናል። ሰሚና ሣጥን ቦታ ቢለዋወጡ በመካከላቸው ያለው የድምፅ መንገድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዘዴው ይሠራል። ጊዜ ለሌለው ሰው የክፍሉ ማዕዘን ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለት ግድግዳና ወለል ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስበው ያጎሉታልና። ከዚያም በሣጥኑ ጀርባ 0 እና 180 የሚል ማገላበጫ ካለ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ አድማጩ በቦታው ተቀምጦ የበለጠ ወፍራም ሆኖ የሚሰማው ወገን ይመረጣል። ሳብዉፈሩ ሲገፋ ሌሎቹ ስፒከሮች የሚስቡ ከሆነ በሚጋሩት ድምፅ ላይ ይጠፋፋሉ፤ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ መቀያየሩም ይህንኑ ጥፋት ያመጣል።

የአካባቢው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ በሆነችው ሰቆጣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚያንስ፣ ያው ወረቀት ያንኑ ያህል ሲንቀሳቀስ የሚፈጥረው ድምፅ ሁለት ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። ወደ ተከዜ ሸለቆ በተወረደ መጠን ልዩነቱ ይጠብባል። ይህ ብቻውን ሳብዉፈርን ደካማ አያሰኝም፤ የጆሮ ባሕርይ ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ሲያዳምጥ ወፍራሙን ክፍል ከመካከለኛው እጅግ አሳንሶ ይሰማል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ተኝቶ በቀስታ የሚከፈት ፊልም ወፍራም ድምፁ ቢጠፋ ዕቃው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ዝም ብሎ መጠምዘዝ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር አሥር እጥፍ የኤሌክትሪክ ጉልበት ያስፈልጋልና፣ ትንሽ ሳብዉፈር ይህን ሲጠየቅ ኮይሉ፣ ማለትም ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ፣ ሊቃጠል ይችላል።

የኤሌክትሪኩ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ከዋግ ኽምራ አጠገብ ተከዜ ላይ የተሠራው 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ቅርብ መሆኑ በረጅም የገጠር መስመር ጫፍ ላይ ባለ ሶኬት 220 ቮልት ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም። ቮልቴጁ ወደ 160 ሲወርድ በተለመደው ትራንስፎርመር የሚሠራ አምፕሊፋየር ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጉድለቱም ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጉልበት በሚበላው ወፍራም ድምፅ ላይ ነው። ምሽት ላይ የሚሳሳ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚመለስ ድምፅ ሲያጋጥም ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር ወይም ቢያንስ የሶኬቱ ልኬት ከአዲስ ሳብዉፈር ግዢ መቅደም አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሣጥኑ ይመረመራል። ዕቃው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የስፒከሩ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ከተለየ በኋላ፣ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ሲነካው ወረቀቱ ዘሎ ጧ ካለ ኮይሉ አልተበጠሰም፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የተጻፈበት ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ከ3 እስከ 4 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ወረቀቱ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲገፋ የሚፋቅ ድምፅ ከሰጠ ኮይሉ ተቃጥሎ ወይም ተዛብቶ ነው፤ በዳሩ ያለው ስፖንጅ ከተፈረፈረ ወይም የቺፕውዱ ሣጥን መጋጠሚያ ከተከፈተ ደግሞ አየሩ በስንጥቁ እያመለጠ ድምፁን ያሳጣል፤ ስንጥቁ በኮላ መደፈን ይቻላል። ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የአምፕሊፋየሩ ክፍል) ግን ዕቃው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ለባለሙያ የሚተው ነው። ባለሙያው ስፒከሩን የሚቀይር ከሆነ አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ ኦም ሊኖረው አይገባም፤ በ8 ኦም ፈንታ 4 ኦም የተገጠመለት አምፕሊፋየር ከተሠራበት አቅም በላይ ጅረት ይሳብበትና ይሞቃል፣ ጥገናውም በሳምንታት ውስጥ አምፕሊፋየሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል።