የተጣበቀ ፒስተን፦ የፍሬን ካሊፐር እድሳት ከፊዚክስ አንጻር

አንዲት የቤት መኪና ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥታ በተግባረ ዕድ በኩል ሜክሲኮ አደባባይ እስክትደርስ ድረስ በመንገዱ መጨናነቅ ምክንያት ደጋግማ ትቆማለች፤ ደጋግማም ትነሣለች። ስትደርስ ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች ሞቅ ብለው ቢገኙ የሚያስገርም ነገር የለውም። ከሁለቱ አንደኛው ብቻ እጅ የማያስቀርብ ሆኖ ከተገኘ፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን የመሳብ ጠባይ ካሳየች፣ ነዳጅም ከወትሮው ይልቅ የምትፈጅ ከሆነ ግን፣ ነጂው እግሩን ከፔዳሉ ላይ ካነሣ በኋላም በዚያ በኩል ያለው ፍሬን አልለቀቀም ማለት ነው። ለዚህ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ካሊፐር የሚባለው ክፍል ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ ማገልገላቸው አይቀርም። በልደታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ክሪክ ላይ የወጣ መኪናና ከሥሩ ያጎነበሰ ባለቤት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዘይትና ሻማ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ፍሬን መፍታት ግን የራስን ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚያቋርጠውንም ሰው ሕይወት የሚነካ ሥራ ነው። ሥራው በየግቢው መሠራቱ ካልቀረ፣ «አትንኩት» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምን እንደሚደረግና ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ማስረዳቱ ይሻላል ብለን እናምናለን።

የፈሳሹ ሥራ

ካሊፐር ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ዲስክ እንደ ጉጠት ከግራና ከቀኝ የሚይዝ የብረት አካል ነው። በውስጡ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ የፍሬን ሸራውን ወደ ዲስኩ ይገፋዋል፤ ሰበቃም ይፈጠራል፤ የመኪናዋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ግለት ይለወጣል። አሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የዓለምን ትኩረት የሳበው ግን በ1953 እ.ኤ.አ. ጃጓር በዲስክ ፍሬን የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ ነው።

እግራችንን ከፒስተኑ ጋር የሚያገናኘው ሕግ የፓስካል ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ከሞተ በኋላ በ1663 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። በቁጥር እንየው። ነጂው ፔዳሉን በ200 ኒውተን ኃይል ረገጠ እንበል። ፔዳሉ ራሱ መፈንቅል ስለሆነ ኃይሉን አምስት ጊዜ ቢያባዛው፣ ዋናውን የፍሬን ሲሊንደር የሚገፋው ኃይል 1,000 ኒውተን ይሆናል። ሰርቮ የሚባለውን አጋዥ ለጊዜው እንተወው። የዋናው ሲሊንደር ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም ወደ 3.2 ሚሊዮን ፓስካል ይደርሳል። ይህ ከአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከ40 እጥፍ በላይ ነው። የካሊፐሩ ፒስተን ዲያሜትር 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ስፋቱ 6.25 ጊዜ ስለሚበልጥ ሸራው በ6,250 ኒውተን ይገፋል። 640 ኪሎ ግራም ጭነት እንደ መሸከም ያህል ነው።

ተፈጥሮ ግን በነጻ የምትሰጠው ነገር የለም። ኃይሉ 6.25 እጥፍ ሲያድግ ርቀቱ በዚያው መጠን ያንሳል። በሸራውና በዲስኩ መካከል የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ ሁለቱን የፊት ፒስተኖች ለማስጠጋት ብቻ ዋናው ሲሊንደር 12.5 ሚሊ ሜትር፣ ፔዳሉ ደግሞ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረድ ነበረበት። ስለዚህ ክፍተቱ ከሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ እምብዛም ያልበለጠ መሆን አለበት። ሸራው እየሳሳ ሲሄድም ክፍተቱ እንዳይሰፋ አንድ ነገር መጠበቅ ይኖርበታል። ይህን የሚያደርገው ምንድን ነው? ምንጭ ሽቦ የለውም፤ ማስተካከያ ቡሎን የለውም። ያለው አንድ የጎሚኒ ቀለበት ብቻ ነው።

ቀለበቱ

በእኛ አስተያየት ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ዋጋው አነስተኛ፣ ብልኃቱ ግን እጅግ ከፍተኛ የሆነው ይህ ቀለበት ነው። ቢቆረጥ ገጹ አራት ማዕዘን ነው፤ በካሊፐሩ ግድግዳ ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ፒስተኑን አጥብቆ ያቅፋል። ፍሬን ሲረገጥ ፒስተኑ ወደፊት ይሄዳል፤ ቀለበቱ ግን በፒስተኑ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ጠርዙ አብሮት ይጎብጣል። ግፊቱ ሲለቀቅ ቀለበቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ሲመለስም ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። የመመለሻው ርቀት ያችው የሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ናት። ሸራው በመሳሳቱ ፒስተኑ ከዚህ በላይ መጓዝ ሲያስፈልገው ደግሞ ቀለበቱ መጎበጥ ከሚችለው ስለሚያልፍ፣ ፒስተኑ በውስጡ ትንሽ ይንሸራተትና አዲስ ቦታ ይይዛል። አንድ ቁራጭ ጎሚኒ በአንድ ጊዜ ፈሳሽ ይዘጋል፣ ፒስተን ይመልሳል፣ ክፍተት ያስተካክላል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነጥብ ይከተላል። ቀለበቱ የተቀመጠው በግድግዳው ላይ እንጂ በፒስተኑ ላይ ስላልሆነ፣ ፈሳሹን የሚዘጋው የፒስተኑ ገጽ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለ ቀላል ጭረት ያን ያህል አያሳስብም፤ በፒስተኑ ገጽ ላይ ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ግን ፒስተኑ መለወጥ አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራ ይሆናል፤ የተነሣውን ሽፋን ግን አይመልስም፤ ዝገቱም ተመልሶ ይመጣል።

ቀለበቱ እንዳይመለስ የሚያደርገው ዋናው ጠላት ውሃ ነው። የተለመዱት የፍሬን ዘይቶች፣ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት፣ ስማቸው ዘይት ቢሆንም ከነዳጅ ዘይት ዘር አይደሉም፤ እርጥበትን ከአየር የሚስቡ ፈሳሾች ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ የገባው ውሃ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ በቦዩ ውስጥ ሲከማች ቀለበቱን ከጀርባው እየገፋ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል። የአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ከተቀደደ ደግሞ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ከውጭ በኩል ያግዙታል።

ውሃው ሌላም ጣጣ አለው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህ በከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ግን የከፍታው ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚያጣው ዕምቅ ጉልበት 16.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚሄድበት ፍጥነት መቶ ጊዜ ያህል ፍጹም እንደ መቆም ነው። ይህ ግለት ባለ 20 ዲግሪ 55 ሊትር ውሃን በአዲስ አበባ ነጥበ ፍሌት፣ ማለትም ወደ 92 ዲግሪ፣ ማድረስ ይችላል። ነጂው በከባድ ማርሽ ወርዶ ሞተሩ ድርሻውን ካልወሰደ፣ አብዛኛው የሚያርፈው በዲስክና በታምቡር ላይ ነው። ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉም ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ይነካል።

ፈትቶ ማደስ

ከመፍታት በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የካሊፐሩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የያዘውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ የአየር ማስወጫውን ቡሎን በጥቂቱ መክፈት ነው። ጎማው ወዲያው ነጻ ከወጣ፣ የታሰረ ግፊት ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት ተጣጣፊው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ፈሳሹ እንዳይመለስ ዘግቶታል። ግፊቱ ወጥቶም ጎማው ካልላላ ግን ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጣብቀዋል። ፒኖቹ ሲጣበቁ ከሁለቱ ሸራዎች አንደኛው ብቻ በጣም ሳስቶ ይገኛል።

መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይደገፉ፤ ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመሸከሚያ ስላልተሠራ ጠንካራ መቆሚያ ይግባበት። የሸራውን ብናኝ በኮምፕሬሰር መንፋት አይገባም፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የተጣበቀውን ፒስተን ለማውጣት ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ የመኪናዋ የራሷ ፔዳል ነው፤ የፍሬን ቱቦው ሳይፈታ በፊት ፔዳሉን ቀስ እያሉ መርገጥ ፒስተኑን ይገፋዋል። ብዙዎች የሚመርጡት የታመቀ አየር ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን ማስጠንቀቅ እንወዳለን። የ6 ከባቢ አየር ግፊት በ50 ሚሊ ሜትር ፒስተን ላይ የሚያሳርፈው ኃይል 1,200 ኒውተን ያህል ነው። ፈሳሽ እምብዛም ስለማይታመቅ ፒስተኑ ትንሽ እንደ ተንቀሳቀሰ ግፊቱ ይጠፋል፤ አየር ግን እንደ ተወጠረ ምንጭ ሽቦ ጉልበት አከማችቶ ይቆያል፤ ፒስተኑንም እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። አየር መጠቀም ግድ ከሆነ ግፊቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ ከፒስተኑ ፊት ጣውላ ይደረግ፤ ጣት ፈጽሞ አይግባ።

የቀድሞውን ቀለበት በካቻቢቴ መፈንቀል ቦዩን ይጭረዋል፤ የተሳለ እንጨት ይበቃል። ቦዩ ውስጥ ያለው ዝገት እስከ መጨረሻው ካልጸዳ አዲሱም ቀለበት እንደ አሮጌው ይታነቃል። እጥበቱ በንጹሕ አልኮል ወይም በአዲስ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ቀለበቱ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ይህ ጎማ የፍሬን ዘይትን በሚገባ ይቋቋማል፤ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ግን ውስጡ ገብተው ያሳብጡታል። በሰፈራችን የአንድ ጎረቤት መኪና ካሊፐር ቀደም ሲል ጋራዥ ውስጥ በቤንዚን ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ ተገጥሞ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲከፈት ቀለበቱ ከቦዩ ሞልቶ የወጣ ሊጥ መስሎ ተገኘ። ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው አዲስ ችግር ነበር።

አዲሱ ቀለበት በአዲስ የፍሬን ዘይት ርሶ ቦዩ ውስጥ ሳይጠማዘዝ ይገባል፤ ፒስተኑም ርሶ በእጅ፣ ቀጥ ብሎ፣ ይገፋል። መዶሻ ካስፈለገ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ፒኖቹ የሲሊኮን ግራሶ ይቀባሉ። በአንድ በኩል የታደሰው ካሊፐር በሌላው በኩልም እንዲታደስ እንመክራለን፤ የግራና የቀኝ ኃይል ካልተመጣጠነ መኪናዋ በድንገት ስትቆም ትጠማዘዛለች።

የመጨረሻው ሥራ አየር ማስወጣት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የምታህል የአየር አረፋ ቀደም ብለን ባሰላነው ግፊት ከ40 እጅ ወደ አንድ ትኮማተራለች። የተለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ፔዳሉ 16 ሚሊ ሜትር ያህል በከንቱ ይወርዳል፤ «ፍሬኑ ስፖንጅ ሆነ» የሚባለው ይህ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ቡሎኑን ከፍቶ ፔዳሉ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል፤ አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ የዘይት ማጠራቀሚያውም ባዶ እንዳይሆን ይጠበቃል። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ለጥቂት ደቂቃዎች አጥብቆ ይረገጥ። ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ካሊፐሩ ላይ እርጥበት ከታየ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ልምድ ያለው መካኒክ አጠገቡ ቢኖር ይመረጣል፤ ተግባረ ዕድ ሩቅ አይደለም፤ ሙያው ያላቸው ሰዎችም በሰፈሩ አይጠፉም። ከእነሱ ጋር ሲሠራ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ እያሉ ሲነጋገሩ ጣሊያንኛም ሳይታወቅ ይለመዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ አንባቢዎች ይህ አይመለከተንም እንዳይሉ አንድ ነገር እንጨምር። በእነዚህ መኪኖች አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ራሱ ነው፤ እንደ ዲናሞ ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። በዚህ የተነሣ ሸራው ለረጅም ጊዜ አይሳሳም፤ ካሊፐሩ ግን ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ፒኖቹ ይደርቃሉ፤ ዲስኩም በክረምት ይዝጋል። ሸራው አዲስ ስለ መሰለ ብቻ ሳይከፈት የሚቆይ ካሊፐር፣ ድንገተኛ ማቆም ባስፈለገ ቀን ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ፣ ጎማው ወልቆ ፒኖቹ ቢጸዱና ቢቀቡ ሥራው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም።