ያውቁ ኖሯል? ዱላ ውሻን ምን ያስተምረዋል?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ውሻ ሌሊት ግቢና ከብት ይጠብቃል፤ በቆሎ ሲደርስ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ማሳ ላይ ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል። ይህን ያህል የሚያገለግል እንስሳ ብዙ ጊዜ የሚገራው በዱላና በድንጋይ መሆኑ ያሳዝናል፤ ደግሞም አያዋጣም።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ውሻ ቅጣትንም ሆነ ሽልማትን የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ጠዋት እንቁላል የበላን ውሻ ከሰዓት በኋላ መምታት ስለ እንቁላሉ ምንም አያስተምረውም። ከሁሉ የከፋው ግን ጠፍቶ የዋለው ውሻ ተጠርቶ ሲመጣ መገረፉ ነው። እሱ የሚገባው በመምጣቱ እንደተመታ ነው፤ በሌላ ቀን ሲጠሩት ዘወር ይላል። እንደመጣ ወዲያው አውራ ጣት የምታህል የእንጀራ ቁራሽ ይስጡት፤ ይህን ደጋግመው ቢያደርጉ ገና ስሙ ሲጠራ እየሮጠ ይመጣል።

በፖርቱጋል የተካሄደና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 92 ውሾችን ያካተተ ጥናት በቁጣና በቅጣት የሚሠለጥኑት ውሾች ከሥልጠና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሽልማት ከሚሠለጥኑት ይበልጥ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ማጉረምረም የውሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ትቶ ድንገት ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት አገራችን፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ግቢ፣ ይህ እጅግ አስጊ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።