ቁጥሩ ምን ይላል? ዲቴክተር ከመግዛትዎ በፊት በኮምፒዩተር ይለማመዱ

ከታክሲ ባለንብረት ወገኖቻችን አንዱ የዓመቱን ሪሲት በካርቶን ሞልቶ ሲያመጣልኝ፣ ከዘይት፣ ከጎማና ከኢንሹራንስ ወረቀቶች መካከል የአንድ ዲቴክተር መግዣ ሪሲት አገኘሁ። ዲቴክተር ማለቴ በመናፈሻና በባሕር ዳርቻ ሰዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ መሬቱን እንደ መጥረግ እያደረጉ፣ የተቀበረ ሳንቲምና ቀለበት የሚፈልጉበትን መሣሪያ ነው። ዋጋው 600 ዶላር ነበር። «ከታክስ ይቀነስልኛል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አይቀነስም፤ ታክሲ ለመንዳት ዲቴክተር አያስፈልግምና። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ ሲቆፍር ውሎ ያገኘው የቢራና የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበት ብቻ ሲሆን፣ መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ትርጉሙ ስላልገባው ወደ ጎን ትቶታል። ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ይህን ቁጥር ማንበብ የሚማሩበት መንገድ ስላለ በዛሬው አምዳችን እንመለከተዋለን።

አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በመሣሪያው ጫፍ ያለው ክብ ጥቅል ሽቦ፣ ኮይል የሚባለው፣ ወደ መሬት የመግነጢስ ኃይል ይልካል። ይህ ኃይል ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ በውስጡ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ያስነሳል፤ ሽክርክሪቱም በተራው የራሱን መግነጢስ መልሶ ይልካል። መሣሪያው የሚለካው ይህ ምላሽ ከተላከው ምን ያህል እንደዘገየ ነው። እንደ ብር ሳንቲም ያለ፣ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍና ወፈር ያለ ነገር ብዙ ስለሚዘገይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቀጭኑ ወይም ደካማ አስተላላፊ የሆነው ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ሚስማር ብዙውን ጊዜ ከሁሉ በታች ይውላል። እንግዲህ መሣሪያው ወርቅ መሆኑን አያውቅም፣ ኳርተር መሆኑንም አያውቅም። እሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ትርጉሙን መስጠት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንድ ተራ ኳርተር በዋይትስ መሣሪያዎች 84 አካባቢ፣ በጋሬት ኤቲ ፕሮ 88 አካባቢ፣ በማይንላብ ኢኩዊኖክስ 800 ግን 30 አካባቢ ያሳያል። የአምስት ሳንቲሙ ኒክል እንደየቅደም ተከተላቸው 20፣ 52 እና 13 አካባቢ ነው። አንዱን ዕቃ በዶላር፣ በፓውንድና በብር እንደ መተመን ይቁጠሩት። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዋይትስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራውን ቢያቆምም ያገለገሉ መሣሪያዎቹ ዛሬም ይሸጣሉ፤ አሮጌውን በርካሽ ገዝቶ ለሌላው ሞዴል በተዘጋጀ ትምህርት የሚለማመድ ሰው ከነጭራሹ ይሳሳታል።

ዋናው ችግር ያለው ግን መካከለኛው ቁጥር ላይ ነው። የወርቅ ቀለበት እንደ ስፋቱና እንደ ወርቁ ዓይነት ከአሉሚኒየም ቅዳጅ ጀምሮ እስከ ቆርቆሮ መክፈቻው ድረስ ባለው ቁጥር ላይ ይወድቃል። ኒክልም እዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ «ቆሻሻውን አታሳየኝ» ብሎ መሣሪያውን ማዘዝ የቆርቆሮ መክፈቻውን ብቻ ሳይሆን ወርቁንም አብሮ ይሸፍነዋል። ወንድማችን በአንድ እሑድ ሁሉንም ቆፍሮ በሰለቸ ጊዜ በሚቀጥለው እሑድ መሣሪያውን እንዲህ አዝዞት ነበርና፣ ጭራሽ ምንም ሳያገኝ ቢመለስ አይደንቅም።

ሲሙሌተር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የአየር መንገዳችን አብራሪዎች መሬት ላይ ባለ ሲሙሌተር እንደሚሠለጥኑ ሁላችንም እናውቃለን። ለአንዳንድ ዲቴክተሮችም እንዲሁ በኮምፒዩተር የሚሠራ መለማመጃ ተዘጋጅቷል። በስክሪኑ ላይ የመሣሪያው ገጽና መሬት ይታያል፤ ኮይሉን በማውዝ ወዲያ ወዲህ ሲያንቀሳቅሱ የተቀበረው ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፁ ይሰማል፣ ቁጥሩም ይወጣል። ምን እንደሆነ ከገመቱ በኋላ መልሱን ያያሉ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ወይም ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት ግን ፕሮግራሙ ሊገዙ ላሰቡት ሞዴል የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ለዚያ ሞዴል ከሌለ የፋብሪካውን የአጠቃቀም መጽሐፍ ከኢንተርኔት በነፃ አውርደው ቁጥሮቹን ማጥናት ይሻላል፤ ለሌላ ሞዴል በተሠራ ሲሙሌተር ጊዜ አያጥፉ።

አለማመዱን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ልንገርዎት። ደብተር ይያዙ፤ ሦስት ረድፍ ያስምሩ፤ በአንዱ የታየውን ቁጥር፣ በሁለተኛው ግምትዎን፣ በሦስተኛው መልሱን ይጻፉ። መቶ ሲሞላ ስሕተቶችዎን ይደምሩ። ስሕተትዎ በኒክልና በቆርቆሮ መክፈቻ መካከል ከሆነ አይጨነቁ፤ ለብዙ ዘመን የቆየውም ሰው እዚያው ነው የሚሳሳተው። ሚስማርን ኳርተር እያሉ ከሆነ ግን ገና ነዎት። ቀጥሎ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍነው በድምፁ ብቻ ይገምቱ፤ ሜዳ ላይ ፀሐይ ስክሪኑን ሲጋርደው የሚረዳዎት ጆሮዎ ነው። በመጨረሻም ቆሻሻ መሸፈኛውን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ ምን ምን እንደሚጠፋ ያስተውሉ። ኒክሉ ሲጠፋ በዓይንዎ ካዩ፣ ከኒክሉ ጋር ወርቅ ሊጠፋ እንደሚችል ሰው ሳይነግርዎት ይገባዎታል።

ሲሙሌተር የማያስተምረውም አለ። የኮምፒዩተሩ መሬት ንጹሕ ነው፤ እውነተኛው አፈር ግን የራሱ ማዕድን አለው፤ የባሕር ዳርቻ እርጥብ አሸዋ በጨው ምክንያት መሣሪያውን ያስጮኸዋል። ሳንቲሙ ጠልቆ ሲቀበር፣ በጠርዙ ሲቆም ወይም ከሚስማር አጠገብ ሲውል ቁጥሩ ይዘላል። ስለዚህ ከሲሙሌተሩ በኋላ በራስዎ ግቢ ኒክል፣ ዳይምና ኳርተር በ2፣ በ4 እና በ6 ኢንች ጥልቀት ቀብረው ይሞክሩ። ተከራይ ከሆኑ አከራዩን ሳያስፈቅዱ ሣሩን አይንኩ።

ሌላም ሐሳብ ያላቸው አሉ፤ መሣሪያውን ይዞ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ጉጂ ወይም ወደ ቤንሻንጉል ወርቅ መሬት መሄድ። በአገራችን ማዕድን ለማውጣት ፈቃድ የግድ ነው። ከዚያም በላይ፣ ለወርቅ ፍለጋ የሚፈለጉት እንደ ማይንላብ ጂፒኤክስ 5000 ያሉት መሣሪያዎች የአሠራር ዘዴያቸው የተለየ ሲሆን የሚሰጡት ድምፅ እንጂ ቁጥር አይደለም። የሳንቲም ሲሙሌተር ላይ ያጠኑት ቁጥር እዚያ አይሠራም፤ ለሳንቲም የተሠራውም መሣሪያ ለዚያ ሥራ አልታሰበም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 600 ዶላር ለመመለስ 2,400 ኳርተር መቆፈር ያስፈልጋል። በአራት ሰዓት ውስጥ 40 ኳርተር ቢያገኙ፣ ይህም ቀናው የሚባል ሰው ነው፣ 10 ዶላር ይሆናል። በእነዚያው አራት ሰዓታት ታክሲው ቆሞ ነበር። በእኔ አስተያየት ዲቴክተር ጥሩ መዝናኛ ነው፤ ንግድ ነው ብሎ ለሚነግርዎት ግን ደብተሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።

ምናልባት ዋጋ ያለው ነገር ቢያገኙስ? በመጀመሪያ ደረጃ የሌላ ሰው የጠፋ ንብረት ሊሆን ስለሚችል የስቴትዎን ሕግ ይዩ፤ በብዙ ቦታ ለፖሊስ ማስረከብ ይጠይቃል። የእርስዎ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ የዚያ ዓመት ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ ባልና ሚስት በጨረታ በ15 ዶላር የገዙት አሮጌ ፒያኖ ውስጥ በ1964 የተደበቀ 4,467 ዶላር አገኙ፤ በ1969 የኦሃዮ ፌዴራል ፍርድ ቤት ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው ሲል ወሰነባቸው። ወጪውን በተመለከተ ከ2018 ወዲህ የመዝናኛ ሥራ ወጪ በፌዴራል ታክስ አይቀነስም፤ ገቢው ግን ይመዘገባል። ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።

ከታክሱ ይልቅ ሊያሳስብዎት የሚገባው ቦታው ነው፤ በተለይ ግሪን ካርድ ይዘው ዜግነት ለሚጠብቁ። በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባለ መሬት ላይ በዲቴክተር መፈለግ ቀርቶ መያዝም ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ተፈታትቶ እንዳይሠራ ሆኖ ሲታሸግ ብቻ ነው። ከፌዴራል መሬት ያለ ፈቃድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቅርስ ማውጣት ደግሞ በ1979ኙ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላርና አንድ ዓመት እስራት፣ ጉዳቱ ከ500 ዶላር ሲያልፍ እስከ 20,000 ዶላርና ሁለት ዓመት ያስቀጣል። የዜግነት ማመልከቻው ተይዘው ወይም የክስ ወረቀት ተሰጥቶዎት ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ለአንድ ዝገታም ቁልፍ ሲሉ ያንን ጥያቄ በ«አዎን» መመለስና ጠበቃ መቅጠር ሊመጣ ይችላል።

በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ናሽናል ሞልና ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የማናሳስ የጦር ሜዳም ጭምር የዚሁ መሥሪያ ቤት ናቸው። ታክሲ ነጂዎች በየቀኑ ወደ ናሽናል ኤርፖርት የሚመላለሱበት የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይና አውሮፕላን ሲያርፍ የሚታይበት ግራቭሊ ፖይንት እንዲሁ። መሣሪያው መኪናዎ ውስጥ ከሆነ ኮይሉን ፈትተው፣ ባትሪውን አውጥተው፣ በሻንጣው ዘግተው ያስቀምጡት።