ለድስት ሳይሆን ለቅርጽ፦ የሃሎዊን ዱባ አመራረጥ

ዱባ ወጥ ሊሠራ ገበያ የወጣ ሰው የሚፈልገው ከበድ የሚል፣ ሥጋው ወፍሮ ሆዱ የጠበበ ዱባ ነው። በአሜሪካ የሃሎዊን በዓል የሚከበርበት ኦክቶበር ሲገባ በየሱቁ ደጅ የሚቆለለው ብርቱካናማ ዱባ ግን የሚመረጠው በተቃራኒው ነው። ፊት ተቀርጾበት ውስጡ መብራት ስለሚቀመጥ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሥጋው ስስ፣ ለመጠኑ ቀለል ያለው ይሻላል።

ልማዱ የመጣው ከአየርላንድ ነው። አይሪሾች በአገራቸው ይፈለፍሉ የነበረው ተርኒፕ የተባለውን ሥራሥር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የገቡት ስደተኞች ግን በመጠኑ የሚበልጠውንና ለመፈልፈል የማያስቸግረውን ዱባ አገኙ። ኋላ ገበሬዎች ለዚሁ ተግባር የሚስማማ ዘር መምረጥ ጀመሩ። በ1960ዎቹ የማሳቹሴትሱ ገበሬ ጆን ሃውደን ያወጣው፣ በስሙ የሚጠራው ዝርያ ዛሬም ለቅርጽ በሰፊው ይመረታል።

ዱባ ሲመርጡ ከአናቱ ይጀምሩ። ከሐረጉ ጋር ያገናኘው የነበረው እንጨት አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ፣ ዱባው ከተቆረጠ ብዙ አልቆየም። እንጨቱ የተገነጠለበትን ይተዉት፤ ብስባሴ በዚያ ቁስል በኩል ይገባል። ዱባን በእንጨቱ አንጠልጥሎ መሸከም የማይገባውም ለዚሁ ነው፤ ከሥሩ አቅፈው ያንሱት።

ቀጥሎ ይገልብጡት። ታቹ ለጥ ያለ ካልሆነ ሲያስቀምጡት ይንከባለላል። በአውራ ጣት ተጭነውት ከሰረጎደም መበስበስ ጀምሯል። ልጣጩ ጥፍር የማያስገባ፣ ስንጥቅም ሆነ የላላ ቦታ የሌለው ይሁን። መታ መታ ሲያደርጉት ባዶነቱ የሚሰማው ለቅርጽ ምቹ ነው።

ሙሉው ዱባ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል። ከተቀረጸ በኋላ ግን ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ ሥራውን ከበዓሉ፣ ከኦክቶበር 31፣ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መጀመር ይበቃል። ክዳኑን ሲቆርጡ ቢላዋውን ወደ መሃል ያዘንብሉት፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ፊት የሚቀረጽበትን ግድግዳ በማንኪያ ፍቀው ውፍረቱን ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያውርዱት፤ ያን ጊዜ ቢላዋው ይታዘዛል፣ ብርሃኑም ደምቆ ይወጣል።

የወጣውን ፍሬ አይጣሉት። ታጥቦ፣ ጨው ነስነስ ተደርጎበት ሲቆላ ለቡና የሚቀርብ ጥሩ ቁርስ ነው። ደጅ የሰነበተውን ቅርጽ ግን ለመብል አያስቡት፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባበታል። ሃሎዊንን ለልጆቹ፣ ዱባ ወጥን ለጾም የሚያስብ ቤተሰብ ሁለት ዱባ ይግዛ፦ ቀለል ያለውን ትልቅ ለቢላዋው፣ ሹገር ፓምኪን የሚሉትን ትንሽና ሥጋው የጠበቀ ለድስቱ።